«ሰውነቴ የራሴ ነው» ላለው አባት

ጥያቄው የመጣው ከደብረ ብርሃን ነው። ረዘም ስለሚል አሳጥሬ ላቅርበው።

«ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። ፋብሪካ ውስጥ ነው የምሠራው። በኮሮና ጊዜ ክትባቱን አልወሰድኩም። ታመምኩ፣ ዳንኩ። የተከተቡት የሥራ ጓደኞቼም እንደኔው ታመሙ። ታዲያ 'ለሌላው ስትል ተከተብ' ሲሉን የነበረው ምኑ ላይ ነው? አሁን ደግሞ ዐሥር ወር የሆናት ልጅ አለችኝ፤ የኩፍኝ ክትባት አልወሰደችም። ባለቤቴ ትከተብ ትላለች። መንዝ ያለችው እናቴ 'እናንተን በጸበል ነው ያሳደግኋችሁ' ትለኛለች። እኔ ሰውነት የግል ነው ባይ ነኝ። ነገ ሌላ ወረርሽኝ ቢመጣ መንግሥት ወይም አሠሪዬ አስገድዶ ሊከትበኝ ይችላል? ነፃነቴ እስከ የት ነው?»

ወንድሜ፣ ሳትሸፋፍን ስለጠየቅህ እኔም ሳልሸፋፍን ልመልስ። ስለ ኮሮናው የተወሰነ እውነት ይዘሃል። ስለ ልጅህ ግን ተሳስተሃል። ስለ ነፃነቱ ደግሞ ለሁሉም በሽታ የሚሆን አንድ መልስ የለም። በሽታው እንዴት እንደሚተላለፍ፣ ክትባቱስ መተላለፉን ምን ያህል እንደሚያቆመው ሳይታወቅ የነፃነትህን ድንበር ማስመር አይቻልም። ሰው ግን ክትባትን ሁሉ በአንድ ሙቀጫ ይወቅጠዋል፤ ደጋፊውም ተቃዋሚውም። ጭቅጭቁ የማያባራው በዚህ ይመስለኛል።

ለመለየት እንዲመች ከመንጋጋ ቆልፍ ልጀምር። ጀርሙ የሚኖረው አፈርና እበት ውስጥ ነው። ሰውን የሚይዘው በቁስል ገብቶ ነው፤ እሾህ ሲወጋ፣ ማጭድ ሲቆርጥ። ከሰው ወደ ሰው አይሄድም። ስለዚህ አንድ የእነዋሪ ገበሬ «ይህን መርፌ አልወጋም» ቢለኝ እከራከረዋለሁ፣ እለምነዋለሁ። በመንጋጋ ቆልፍ መሞት ምን እንደሚመስልም እነግረዋለሁ። ጎረቤቱ ግን በእሱ ውሳኔ አይታመምም። በተቃራኒውም ያው ነው፤ መንደሩ በሙሉ ቢከተብ እሱን አያድነውም። እዚህ ላይ «ሰውነቴ የራሴ ነው» የሚለው ክርክር ውሃ ያነሳል። እርጉዝ ሴት ስትሆን ብቻ ነገሩ ይለወጣል፤ እሷ የተከተበችው መርፌ የሚወለደውን ሕፃን እትብቱ ከሚቆረጥበት ሰዓት ጀምሮ ይጠብቀዋልና።

ኩፍኝ ሌላኛው ጫፍ ላይ ነው። የሚሄደው በአየር ነው። የታመመ ልጅ አንድ ክፍል ውስጥ አስሎ ከወጣ በኋላ ቫይረሱ እዚያው አየር ላይ እስከ ሁለት ሰዓት ሊቆይ ይችላል። መከላከያ የሌላቸው ዐሥር ሰዎች አጠገቡ ከነበሩ ዘጠኙን ያህል ይይዛል። ይባስ ብሎ ማስተላለፍ የሚጀምረው ሽፍታው ከመውጣቱ አራት ቀን አስቀድሞ ነው። ያኔ እናትየው «ጉንፋን ነው» ብላ አዝላው ገበያ ትወጣለች፣ ለቅሶ ትደርሳለች፣ ታክሲ ትሳፈራለች።

ሒሳቡን አብረን እንሥራው፤ ከባድ አይደለም። ማንም መከላከያ በሌለበት ቦታ አንድ የኩፍኝ ታማሚ ከ12 እስከ 18 ሰው ያሲዛል። 15 እንበል። በሽታው እንዳይስፋፋ ከተፈለገ አንዱ ታማሚ ከአንድ ሰው በላይ ማስያዝ የለበትም። ስለዚህ ከ15ቱ 14ቱ አስቀድመው መከላከያ ሊኖራቸው ይገባል። 14 ለ15 ሲካፈል 93 በመቶ ግድም ይመጣል። ጤና ጣቢያ ግድግዳ ላይ 95 በመቶ የሚል ግብ ካየህ ምንጩ ይኸው ነው።

አሁን አንድ ቁጥር ጨምር። በዘጠኝ ወር የሚሰጠው የመጀመሪያው መርፌ በሚገባ የሚይዘው ከመቶ ልጅ 85 ገደማውን ነው። የቀሩት ተከትበውም ክፍት ናቸው። በዚያ ዕድሜ ከእናት የወረሱት መከላከያ ገና አልጠፋ ይሆናል፤ እሱ ደግሞ ክትባቱን ያዳክመዋል። ስለዚህ በቀበሌህ ያሉ ልጆች አንድ ሳይቀር አንድ ጊዜ ቢከተቡ እንኳ 93 አይሞላም። ኢትዮጵያ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በ15 ወር ሁለተኛ መርፌ የጨመረችው ይህንን ቀዳዳ ለመድፈን ነው። እንዲህ በጠበበ ሒሳብ ውስጥ «እኔ አንዱ ብቀር ምን ይጎድላል?» የሚባል ነገር የለም። ትርፍ ቦታ የለማ።

ያ የጠበበ ቦታም ባለቤት አለው። ዘጠኝ ወር ያልሞላቸው ሕፃናት አሉ፤ በመደበኛው ፕሮግራም ገና አይከተቡም። የካንሰር መድኃኒት የሚወስዱ አሉ። ኤች አይ ቪ በጣም ያደከማቸው አሉ፤ ይህ ክትባት ሕያው ሆኖ የተዳከመ ቫይረስ ስለሆነ ለእነሱ አይሰጥም። እነዚህ ሰዎች «ነፃነቴ» ብለው የሚመርጡት ነገር የላቸውም። የሚጠብቃቸው በዙሪያቸው ያለው ሰው መከተቡ ብቻ ነው። የአንተም ልጅ እስከ ቅርብ ጊዜ ከእነሱ አንዷ ነበረች። እስከ ዛሬ ያልያዛት ዕድለኛ ስለሆነች ብቻ አይደለም። የጎረቤት ልጆች ተከትበው ነው።

ደብረ ብርሃን ላይ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ከተማዋ ለዓመታት ተፈናቃይ ስታስተናግድ ቆይታለች። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እስከ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ብዙ ጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፣ የክትባት ፍሪጅ ጠፍቷል፣ መንገድ ተዘግቷል። በዚያ ጊዜ የተወለደ ልጅ ክትባት ያመለጠው ወላጁ ስለፈለገ አይደለም። አንድ ድንኳን ውስጥ ብዙ ቤተሰብ ሲያድር ኩፍኝ መጀመሪያ የሚነሳው እዚያ ነው። ለዚህ ነው በመጠለያ ጣቢያዎች የኩፍኝ ዘመቻ ሲደረግ ከስድስት ወር ጀምሮ የሚከተበው። በነገራችን ላይ «በሽታውን ያመጡት ተፈናቃዮች ናቸው» የሚል ወሬ ስሰማ በጣም ይከነክነኛል። ካምፕ ያለች እናት መርፌው በር ድረስ መጥቶላት እምቢ አላለችም። አንተ ግን ብለሃል። ይህን ለመውቀስ አይደለም የምልህ፤ ምርጫ ያለው ማን እንደሆነ እንድታየው ነው።

«ይያዛትና ይለፍላት፣ እኛም ይዞን አልፎልናል» የሚል ክርክርም እንደምትሰማ አውቃለሁ። አልፎላቸው ቁጭ ብለው የሚያወሩት የተረፉት ናቸው። ኩፍኝ ሳምባ ምች ያስከትላል፣ ተቅማጥ ያስከትላል፣ በቫይታሚን ኤ እጥረት ላይ ሲመጣ ዓይን ያጠፋል። ካለፈም በኋላ ጣጣው አያልቅም። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ጥናት በኩፍኝ የታመሙ ያልተከተቡ ልጆችን ደም ከሕመሙ በፊትና በኋላ አነጻጽሮ ነበር። በሽታው ሰውነታቸው ለሌሎች ጀርሞች ያከማቸውን ፀረ እንግዳ አካላት ከ11 እስከ 73 በመቶ አጥፍቶባቸዋል። ሰውነቱ ከዚህ በፊት የተማረውን ይረሳል ማለት ነው። ክትባቱ ይህን አያደርግም።

ከሁሉም በላይ ግን ጥያቄህ ውስጥ አንድ ያለፍከው ነገር አለ። «ሰውነቴ የራሴ ነው» ብለሃል። ትክክል። ግን መርፌው የሚወጋው አንተን አይደለም። የልጅህ ሰውነት የልጅህ ነው፤ አንተ ባለአደራ ነህ። ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 36 ላይ ሕፃናትን በሚመለከት እርምጃ ሁሉ የሕፃኑ ደህንነት ይቀድማል ይላል። የአባት ሥልጣን ትልቅ ነው፤ ሊከበርም ይገባል። የግል ነፃነት ግን አይደለም። ሁለቱ ሲቀላቀሉ ነው ነገር የሚበላሸው።

ወደ ኮሮና እንምጣ። እዚህ ላይ ቅሬታህ መሠረት አለው።

በአገራችን የመጀመሪያው ታማሚ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። የመጀመሪያው 2.2 ሚሊዮን ክትባት፣ አስትራዜኔካ፣ ክትባትን ለአገሮች በሚያከፋፍለው ዓለም አቀፍ ጥምረት በኮቫክስ በኩል አዲስ አበባ የገባው የካቲት 28 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው። መርፌው የተጀመረው ልክ ዓመቱን ጠብቆ መጋቢት 4 ቀን ነበር። ያኔ የተነገረን ቁጥር ለአስትራዜኔካ 70 በመቶ ገደማ፣ ለፋይዘር 95 በመቶ የሚል ነው። ቁጥሩ ውሸት አልነበረም። ግን ምን ተለክቶ የተገኘ ነው? የተከተበ ሰው ምልክት አሳይቶ ይታመማል ወይ የሚለው ነው የተለካው። ለሌላ ያስተላልፋል ወይ የሚለው በእነዚያ ሙከራዎች ዋናው መለኪያ አልነበረም። ስለ መተላለፉ መረጃ የመጣው በኋላ ነው። እንግሊዝ አገር በአንድ ቤት የሚኖሩ ሰዎችን የተከታተለ ጥናት አንድ መርፌ የወሰደ ሰው ቢታመም እንኳ ለቤተሰቡ የማስተላለፍ ዕድሉ ከ40 እስከ 50 በመቶ እንደሚቀንስ አሳየ። ጥሩ ዜና ነበር። ከዚያ ዴልታ የሚባለው የቫይረሱ አዲስ ዝርያ መጣ፣ ያ ጥቅም አነሰ። በኅዳር 2014 ሌላው ዝርያ ኦሚክሮን መጣ፣ የበለጠ አነሰ። ለዚህ ነው አንተም የተከተቡት ጓደኞችህም የታመማችሁት።

ያልወደቀው ሌላው ጥቅም ነው። ክትባቱ ከከባድ ሕመምና ከሞት መከላከሉ ለረጅም ጊዜ ቆይቷል። ጋቢ የደብረ ብርሃንን ውርጭ አያስቀረውም፤ ለብሰኸው ስታድር ግን ውርጩ አይገድልህም። የኮሮና ክትባት በመጨረሻ የሆነው እንዲህ ነው።

ጥፋቱ የት ላይ ነው ካልከኝ፣ አነጋገሩ ላይ ነው። በብዙ አገር ባለሥልጣናትና የሙያ አጋሮቼ መጀመሪያ ላይ የተስፋው ነገር ገዝፎባቸው «70 በመቶ ሰው ከተከተበ ወረርሽኙ ይቆማል» እያሉ ተናገሩ። የመጀመሪያው ዝርያ አንድ ሰው ሁለት ሦስት ሰው የሚያሲዝ ስለነበር ሒሳቡ ያስኬድ ነበር። ዴልታ አምስትና ስድስት ሲያሲዝ፣ ክትባቱም መተላለፉን በከፊል ብቻ ሲያቆም፣ ያ ሒሳብ ፈረሰ። ሲፈርስ ግን ማንም ወጥቶ «ሒሳቡ ተቀይሯል፣ አሁን የምንከትበው በዋናነት ሽማግሌዎችን ከሞት ለማዳን ነው» ብሎ በግልጽ አልተናገረም። ለሕዝቡ የተነገረው ያው የድሮው ነገር ነበር። ሰው ደግሞ ሞኝ አይደለም፤ ያያል። ታሞ መዳን መከላከያ እንደሚሰጥም ብዙ ቦታ በሹክሹክታ እንጂ በይፋ አልተነገረም። ይሰጣል። ዋጋው ግን ቀድሞ መታመም ነው። ለአንተ ርካሽ ነበር። መንዝ ላሉት እናትህ በዚያ ዕድሜ ርካሽ አይሆንም ነበር።

ስለዚህ ሦስቱን መርፌዎች ጎን ለጎን አስቀምጣቸው። በመንጋጋ ቆልፍ ጎረቤትህ አንተ ላይ የሚጠይቀው ነገር የለም። በኩፍኝ ብዙ ይጠይቃል። በኮሮና እንደ ጊዜው ነው፤ በ2013 ዓ.ም. ክትባቱ ሲጀመር ግማሽ ያህል ሊጠይቅህ ይችል ነበር፣ ከኦሚክሮን በኋላ ትንሽ ብቻ። ነፃነትህ ተለክቶ የሚታወቀው የአንተ እምቢታ ወደ ሌላው ሰው ሳንባ ምን ያህል እንደሚሻገር ሲታይ ነው።

ይህ ዓይነቱ ክርክር ከኮሮና ጋር የመጣ አዲስ ነገር እንዳይመስልህ። ፈንጣጣ በነበረበት ዘመን በአገራችን ገጠር ባህላዊ ከታቢዎች ነበሩ። ከታማሚ ቁስል መግል ወስደው የጤነኛውን ክንድ ጫር አድርገው ይቀቡታል። ሰውዬው ቀለል ያለ ፈንጣጣ ይታመምና ዕድሜ ልኩን ይድናል። ለእሱ ብልህ ውሳኔ ነው። ችግሩ የያዘው እውነተኛው ፈንጣጣ መሆኑ ነው፤ እሱን ቀለል ሲለው፣ ከእሱ የተያዘችው የጎረቤት ልጅ ግን ሙሉውን ትታመማለች። እ.ኤ.አ. ከ1971 ጀምሮ ፈንጣጣን ለማጥፋት በበቅሎና በእግር አገሩን ያዳረሱት ሠራተኞች ከገጠሟቸው ራስ ምታቶች አንዱ ይኸው ልማድ ነበር። አንድ ቀበሌ ጸዳ ሲባል ከታቢው ከሌላ ቦታ በያዘው መግል እንደገና ያስነሳዋል።

እንዴት አለፉት? ከታቢዎቹን በመጎተት አይደለም። የተሻለ ነገር ይዘው በመምጣት ነው። ዘመናዊው ክትባት ከፈንጣጣ ያድናል፤ የተከተበው ሰው ግን ፈንጣጣ አያስተላልፍም። ደግሞ ሁሉንም ሰው ከመከተብ ይልቅ ታማሚ የተገኘበትን መንደር ለይተው ዙሪያውን ይከትቡ ነበር። በኢትዮጵያ የመጨረሻው ታማሚ በ1968 ዓ.ም. መጨረሻ በባሌ ተገኘ። በዓለም ደግሞ በጥቅምት 1970 ዓ.ም. ሶማሊያ ውስጥ በተፈጥሮ የመጨረሻው ሰው ታመመና አበቃ። እ.ኤ.አ. በ1980 መጥፋቱ ታወጀ።

አሁን ወደ «ሊያስገድደኝ ይችላል ወይ?» እንሂድ። ጠበቃ አይደለሁም፤ ሥራዬ ላይ የሚገጥመኝን ያህል ልንገርህ።

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 93 የሕዝብን ጤና አደጋ ላይ የሚጥል በሽታ ሲከሰት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሊታወጅ እንደሚችል ይናገራል። በመጋቢት 30 ቀን 2012 ዓ.ም. የታወጀው በዚያ ነው። ታስታውሰዋለህ፤ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ክልክል፣ መጨባበጥ ክልክል፣ መኪና በግማሽ ጭነት። እነዚህ ሁሉ ነፃነትን የሚነኩ ናቸው፤ ግን ለጊዜው ነበሩ፣ አዋጁም ጊዜው ሲያልቅ አልቋል። ሁሉም ሰው በግድ ይከተብ የሚል አገር አቀፍ ሕግ ግን በኮሮና ጊዜ አልወጣም። ለነገሩ ለመቶ ሚሊዮን ሕዝብ 2.2 ሚሊዮን መርፌ ይዘህ ማንን ታስገድዳለህ? በሌላ በኩል ተላላፊ በሽታ ሆን ብሎ ማሰራጨት በወንጀል ሕጋችን ያስቀጣል። አለመከተብና ታሞ እያወቁ ሰው መሐል መግባት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሁለተኛው ነፃነት አይደለም፣ ማን አለብኝነት ነው።

ሌሎች ያለፉበትን ማየትም ይጠቅማል። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1853 የሕፃናትን የፈንጣጣ ክትባት ግዴታ አደረገች። ያልከተበ ወላጅ ይቀጣል፣ ካልከፈለ ዕቃው ይሸጣል፣ ይታሰራል። ውጤቱ ምን ሆነ? ተቃውሞው አበጠ፤ በ1885 ሌስተር ከተማ ላይ ትልቅ ሰልፍ ወጣ። በ1898 «ሕሊናዬ አይፈቅድም» ለሚል ወላጅ በሕግ መውጫ በር ተከፈተለት። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ጃኮብሰን የሚባል ፓስተር የፈንጣጣ ክትባት አልወስድም ብሎ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተከራከረ። በ1905 ተረታ። ቅጣቱ ግን አምስት ዶላር ነበር። ፍርድ ቤቱ ክልሉ ሊያስገድድና ሊቀጣ ይችላል አለ፤ ይዛችሁ ውጉት ግን አላለም። ይህ ልዩነት ትልቅ ነው። እኔም የምቆመው እዚያ ላይ ነው። እምቢታህ ዋጋ ሊያስከፍልህ ይችላል፤ እጅህን ጠምዝዞ መውጋት ግን ከሙያዬም ከሕሊናዬም ጋር አይሄድም። ደግሞ አይሠራም። አንድ ቀበሌ ላይ በግድ የተወጋ ሰው ወሬው ዐሥር ቀበሌ ይደርሳል፤ በቀጣዩ የፖሊዮ ዘመቻ በሩ ሁሉ ይዘጋል።

አሠሪህስ? እንደ ሥራው ነው። ጨቅላ ሕፃናት ክፍል የምትሠራ ነርስ «አልከተብም» ካለች ሌላ ክፍል መመደቧ ተገቢ ነው፤ ሕፃናቱ እሷን አልመረጧትም። የፋብሪካ ሠራተኛን በኦሚክሮን ጊዜ «ካልተከተብክ ከሥራ ትባረራለህ» ማለት ግን መተላለፉን በትንሹ ብቻ ለሚቀንስ መርፌ እንጀራን መንጠቅ ነው። አልደግፈውም። የታመመ ሠራተኛ ቀን ሳይቆረጥበት ቤቱ እንዲቀር ቢደረግ የበለጠ ይሠራ ነበር። ሲያስል እየታየ «ከቀረህ ደሞዝ የለም» የሚል አለቃ ካልተከተበ ሠራተኛ ይልቅ ብዙ ሰው ያስይዛል።

ኃላፊነት ደግሞ ከአንተ ብቻ አይጠበቅም፤ ከኛም ወገን ነው። አንድ ነገር ላሳይህ። የኩፍኝ ክትባት ብልቃጥ ብዙ ጊዜ የዐሥር ልጅ ነው። ዱቄቱ በፈሳሹ ከተበጠበጠ በኋላ በስድስት ሰዓት ውስጥ ካላለቀ ይደፋል። ስለዚህ ጤና ኬላ ላይ ሦስት ልጅ ብቻ ከመጣ ባለሙያዋ ብልቃጡን መክፈት ያሳሳታል፤ «ልጆች ሲበዙ ተመለሺ» ትላለች። ያቺ እናት ግን ከጀማ በረሃ አቀበቱን ልጅ አዝላ ወጥታ ነው የመጣችው። ሁለተኛ አትመለስም። መዝገቡ ላይ «ክትባት ያቋረጠች» ተብላ ትጻፋለች። ማን ነው ያቋረጠው? ሰባት መርፌ መድፋት አንድ ልጅ ከማጣት ይረክሳል፤ መክፈት ነው የሚሻለው። ይህን ሳናስተካክል ሕዝቡን ኃላፊነት የማይሰማው ማለት ነውር ነው።

ጉዳት ሲደርስም እንደዚያው ነው። አስትራዜኔካ ከመቶ ሺህ ሰው አንድ ሁለት በሚሆኑት ላይ፣ በተለይ ወጣቶች ላይ፣ አደገኛ የደም መርጋት አስከትሏል። እውነት ነው፤ መደበቅም አልነበረበትም። በኮቫክስ በኩል በመጣ ክትባት በጽኑ ለተጎዳ ሰው ያለ ፍርድ ቤት ክርክር ካሣ የሚከፍል ፕሮግራም ነበር፤ አገራችንም ተካታበት ነበር። ግን ስንት ሰው ሰማው? ለሕዝብ ስትል ተከተብ ከተባለ፣ ሲጎዳ ደግሞ ሕዝብ ሊቆምለት ይገባል።

የእናትህን ነገር በአጭሩ። ከጸበል ጋር አታጋጫት። በኤች አይ ቪ ጊዜ ይህ ክርክር በጣም ተካርሮ ነበር። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ራሳቸው ጸበልና መድኃኒት አብሮ እንደሚሄድ በአደባባይ ተናግረዋል። ጻድቃኔ ማርያም የሚወርድ ሰው ከየአገሩ ነው የሚመጣው፤ እዚያ ልጅ አዝሎ መሄድ ከሆነም ተከትባ ብትሄድ ነው የሚሻለው። እንዲህ ብለህ ንገራት፤ በዚያ መንገድ ከተነገራቸው የማይሰሙ እናቶች ብዙም አልገጠሙኝም።

አሁን ልጅህ። ዘጠኝ ወር አልፏታል እንጂ አልረፈደም። ካርዷን ያዝና በቀበሌህ የክትባት ቀን ውሰዳት። ካርዱ ከጠፋም አትቅር፤ እንደገና ይጻፍላታል። ቀለል ያለ ጉንፋን ወይም ተቅማጥ ክትባት አያስከለክልም። ከፍ ያለ ትኩሳት ካላት ወይም በጣም ከታመመች ግን አሳይ። ሁለተኛውን በ15 ወሯ ትወስዳለች፤ ዋናው ነገር በሁለቱ መካከል ቢያንስ አራት ሳምንት መኖሩ ነው።

ብዙ አባት የሚደነግጥበትን ደግሞ ልንገርህ። ከመቶ ልጅ ከአምስት እስከ ዐሥራ አምስቱ ክትባቱ ከተሰጠ ከሳምንት እስከ ዐሥራ ሁለት ቀን ባለው ጊዜ ያተኩሳቸዋል። አንዳንዶቹ ላይ ትንሽ ሽፍታም ይወጣል። የዚያኑ ዕለት ስለማይመጣ ሰው ከክትባቱ ጋር አያያይዘውም፤ ወይም «ያው ኩፍኝ ሰጧት» ይላል። ሰውነቷ እየተማረ ነው፤ ለሌላ ልጅም አታስተላልፍም። ጡት ደጋግማ ትጥባ፣ አታፍኗት፣ ለትኩሳቱ በክብደቷ ልክ ፓራሲታሞል ይበቃል። ትኩሳቱ ከሁለት ሦስት ቀን ካለፈ፣ ጡት እምቢ ካለች ወይም ካንቀጠቀጣት ግን ክትባቱ ነው ብላችሁ አትቀመጡ፤ የዚያኑ ሰዓት ጤና ጣቢያ ውሰዷት።